የወደቡ እሳት፦ መናፍስትን ስለ መመርመር

(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት ለንባብ ተስተካክሎ የተዘጋጀ)

  ዛሬ መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ክፈቱና 1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 4ን ያዙልኝ፤ እንመለስበታለን። ከዚያ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ የሌላ አገር ነው፤ ከሆነም 280 ዓመት አልፎታል። ነገር ግን ስትሰሙት አንዳንዶቻችሁ «ይሄማ እኛ ሰፈር የሆነ ነው» ማለታችሁ አይቀርም።

እሳቱ የነደደበት ቀን

እ.ኤ.አ. ማርች 6 ቀን 1743 ነው። ቀኑ እሑድ ነው። ቦታው ኒው ለንደን የምትባል የወደብ ከተማ ነው፤ ኮነቲከት በምትባለው፣ ያን ጊዜ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው የአሜሪካ ክፍል። ብዙ ሰዎች መጻሕፍት ተሸክመው ወደ ወደቡ ዳር ሄዱ። እሳት አነደዱ። መጻሕፍቱንም እየዘመሩ፣ ሃሌ ሉያ እያሉ ወደ እሳቱ ወረወሯቸው።

የጥንቆላ መጻሕፍት መሰሏችሁ? በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 የኤፌሶን ሰዎች ያቃጠሏቸው ዓይነት? አይደሉም ወገኖቼ። እንደ ጆን ፍላቬልና ኢንክሪዝ ማዘር ያሉ እግዚአብሔርን የሚፈሩ አገልጋዮች የጻፏቸው መንፈሳዊ መጻሕፍት ነበሩ። የእነዚያ ሰዎች አባቶችና እናቶች በቤታቸው አንብበዋቸው የታነጹባቸው መጻሕፍት! በዚያ ዘመን የተጻፈው ምስክርነት እንደሚለው፣ ጭሱ ወደ ላይ ሲወጣ የጸሐፊዎቹ ነፍስም እንደዚሁ በሲኦል እየተቃጠለ ነው ይሉ ነበር።

በማግሥቱ ሰኞ ተራው የልብስ ሆነ። ጣዖት ሆኖብናል ያሉትን ካባ፣ ሰው ሠራሽ ጠጉርና ጌጣጌጥ አምጥተው ከመሩ። የሚመራቸው ሰውም የራሱን ሱሪ አምጥቶ ክምሩ ላይ ጣለ። ያን ጊዜ ከመካከላቸው አንዲት ሴት ሱሪውን አንሥታ መልሳ ፊቱ ላይ ወረወረችለት ይባላል። ሕዝቡ እንደ እንቅልፍ ካለ ነገር ነቃ። ልብሱ ሳይቃጠል ቀረ፤ ጉባኤውም ተበተነ።

አሁን ትስቁ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ስቄያለሁ። ኋላ ግን ሳቄ ጠፋ። ለምን እንደጠፋ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ይህ ሰው ማን ነበር?

ጄምስ ዳቨንፖርት ይባላል። አጭበርባሪ አልነበረም፤ ይህንን በደንብ ያዙልኝ። ከተከበረ የአገልጋዮች ቤተሰብ ተወለደ፣ በዬል ኮሌጅ ተማረ፣ ሎንግ አይላንድ በተባለች ደሴት ላይ ሳውዝሆልድ በምትባል ከተማ ፓስተር ሆነ። እሳቱ የነደደ ቀን ገና 30 ዓመት አልሞላውም ነበር። ጸሎተኛ ነበር። ነፍሳት እንዲድኑ ይናፍቅ ነበር። የዘመኑ ታላቅ ወንጌላዊ ጆርጅ ዊትፊልድ ሳይቀር ከእግዚአብሔር ጋር ስላለው አካሄድ አመስግኖታል።

ታዲያ ምን ሆነ? በውስጡ የሚሰማውን ግፊት ሁሉ የመንፈስ ቅዱስ ድምፅ ነው ብሎ መቀበል ጀመረ። የሚመረምረው ሰው አልነበረም፤ እሱም ራሱን አልመረመረም። በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ዳግም ተወልደዋል ብሎ ያመነባቸውን «ወንድም»፣ የቀሩትን «ጎረቤት» እያለ ይለያቸው ነበር። ቀጥሎ ከከተማ ከተማ መዞር ጀመረ። የደረሰበትን ከተማ ፓስተር በስሙ ጠርቶ «ይህ ሰው ዳግም አልተወለደም፤ ተለዩት» ይላል። እ.ኤ.አ. በ1741 ኒው ሄቨን ላይ እንዲህ አደረገ፤ ምእመናኑም ተከፋፈሉ። በ1742 በኮነቲከት ምክር ቤት ፊት ቀረበና አእምሮው ተነክቷል ተብሎ ወደ ቤቱ ተላከ። በዚያው ዓመት ቦስተን ላይም ተከሰሰ፤ በጤናማ አእምሮ የሠራው አይደለም ተብሎ ተለቀቀ። ይህም አላቆመውም። በሚቀጥለው ዓመት እነዚያን መጻሕፍት አስለቀመ።

እስቲ ልብ በሉ። እሳቱ በአንድ ቀን አልነደደም። ያልተመረመረች አንዲት ግፊት፣ ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ ሦስተኛ እየተደራረቡ ነው ወደ ወደቡ ዳር ያደረሱት።

እውነተኛ መነቃቃት ነበር

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ቶሎ ብሎ «እኔ ድሮም ጩኸትና እንባ ያለበትን ነገር አልወድም» ይል ይሆናል። ቆይ ወንድሜ፣ አትቸኩል። ዳቨንፖርት የተነሣበት ዘመን እውነተኛ መነቃቃት፣ ሪቫይቫል የምንለው ነገር የነበረበት ዘመን ነው።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ኖርዝሃምፕተን በምትባል ከተማ ጆናታን ኤድዋርድስ የሚባል ፓስተር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1734 መጨረሻ የእግዚአብሔር ቃል የከተማዋን ሰዎች መንካት ጀመረ። ከተማዋ ወደ 200 የሚጠጉ ቤተሰቦች ነበሯት። ኤድዋርድስ እንደመዘገበው በግማሽ ዓመት ውስጥ ከ300 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ጌታ መጡ። መሸታ ቤቱ ጭር አለ፤ የፓስተሩ ቤት በሰው ተሞላ። በ1740 ደግሞ ዊትፊልድ መጥቶ ሲሰብክ መነቃቃቱ በብዙ ከተሞች ተዛመተ። ሰዎች አለቀሱ፣ ተንቀጠቀጡ፣ ወደቁ። ብዙዎች በእውነት ተለወጡ።

ነገር ግን ኤድዋርድስ አንድ መራራ ነገርም አይቷል። እ.ኤ.አ. በጁን 1735፣ መነቃቃቱ ገና እንዳለ፣ ስለ ነፍሱ መዳን ሲጨነቅና ተስፋ ሲቆርጥ የከረመ የገዛ አክስቱ ባል ራሱን አጠፋ። ኤድዋርድስ ይህንን አልደበቀም። የመነቃቃቱን ታሪክ ሲጽፍ ከመልካሙ ምስክርነት ጋር አብሮ መዘገበው። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሰዎችም ያንኑ እንዲያደርጉ የሚገፋፋ ድምፅ የሰሙ ያህል እንደተሰማቸው ጻፈ። ስለዚህ ይህ ሰው በመንፈሳዊ መነቃቃት መካከል የሚሰማ ድምፅ ሁሉ የጌታ ድምፅ እንዳልሆነ በመጽሐፍ ብቻ አልተማረም። በገዛ ቤተሰቡ ለቅሶ ተምሮታል።

ሁለት ጎራ

በዚያን ጊዜ ሰዉ በሁለት ጎራ ተከፈለ። በአንድ ወገን እንደ ዳቨንፖርት ያሉት ቆሙ፤ የሆነውን ሁሉ ተቀበሉ፣ የጠየቃቸውን ሁሉ የመንፈስ ጠላት አሉት። በሌላ ወገን ቻርልስ ቾንሲ የሚባለው የቦስተን ፓስተርና መሰሎቹ ቆሙ። ቾንሲ የተፈጸመውን ስሕተት ሁሉ ሰብስቦ በ1743 ትልቅ መጽሐፍ አወጣ። ከሰበሰበው ውስጥ ብዙው እውነት ነበር። ነገር ግን ስሕተቱን ቆጥሮ ሲጨርስ የጌታን ሥራ ማየት አቃተው።

ጳውሎስ በ1ኛ ተሰሎንቄ 5፥19–22 ላይ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ይናገራቸዋል። መንፈስን ከማጥፋት፣ ትንቢትንም ከመናቅ ይከለክለናል። ወዲያው ደግሞ ሁሉን እንድንፈትን፣ መልካሙን እንድንይዝ፣ ከክፉውም እንድንርቅ ያዘናል። ቾንሲ የኋለኛውን ይዞ የፊተኛውን ጣለ። ዳቨንፖርት የፊተኛውን ይዞ የኋለኛውን ጣለ። እኛስ? እኛ ጴንጤዎች የትኛውን መጣል እንደሚቀናን እግዚአብሔር ያውቃል፤ እኛም እናውቃለን።

ኤድዋርድስ ምን አስተማረ?

እሳቱ ከመንደዱ አንድ ዓመት ተኩል ያህል አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 1741፣ ኤድዋርድስ በዚያው በኒው ሄቨን በዬል ኮሌጅ ሰበከ። የሰበከው ከ1ኛ ዮሐንስ ምዕራፍ 4 ነው። ጥያቄውም «የእግዚአብሔር መንፈስ ሥራ በምን ይታወቃል?» የሚል ነበር።

በመጀመሪያ ምልክት የማይሆኑትን ዘጠኝ ነገሮች ቆጠረ። ሁሉን አልዘረዝርም፤ ጭብጡን ብቻ ልስጣችሁ። ነገሩ ያልተለመደ መሆኑ ብቻውን ከእግዚአብሔር ነው አያሰኝም፣ አይደለምም አያሰኝም። ሰው ማልቀሱ፣ መንቀጥቀጡ፣ መውደቁም እንደዚሁ ነው። አገር ምድሩ ስለ ነገሩ ማውራቱም እንደዚሁ። በአእምሮ ውስጥ ኃይለኛ ምስል መታየቱም እንደዚሁ። በተነኩት ሰዎች መካከል ጥፋት መገኘቱ፣ አንዳንዶችም መሳሳታቸው መነቃቃቱን በሙሉ ውሸት አያደርገውም።

ወገኖቼ፣ እኛ አንድን አገልግሎት ስንመዝን ምን እያየን ነው? «አዳራሹ ሞልቶ ነበር»፣ «ስሜን ጠርቶ ነገረኝ»፣ «የስልክ ቁጥሬን ተናገረ»፣ «ስንቱ ወደቀ መሰለህ!» እንላለን። ከእነዚህ አንዱም ማረጋገጫ አይደለም። ዘዳግም 13 ላይ ሙሴ ከዚህ ጠንከር ያለ ነገር ተናግሯል። አንድ ነቢይ የሰጠው ምልክት ቢፈጸም እንኳ፣ ወደ ሌላ አምላክ የሚመራን ከሆነ እንዳንሰማው አስጠንቅቋል። ምልክቱ ተፈጽሞ ማለት ነው እኮ! መጠየቅ ያለብን «ሆነ ወይስ አልሆነም?» ብቻ ሳይሆን «ወዴት እየወሰደኝ ነው?» ነው።

ከዚያ ኤድዋርድስ ከዚያው ምዕራፍ አምስት እውነተኛ ምልክቶች አወጣ። በራሴ አነጋገር ላስቀምጣቸው።

አንደኛ፣ ኢየሱስ ከፍ ይላል። በሥጋ የመጣው፣ የተሰቀለው፣ የእግዚአብሔር ልጅ የሆነው ኢየሱስ። ከፕሮግራሙ ስትወጡ በአፋችሁ ላይ የቀረው የማን ስም ነው? የጌታ ነው ወይስ የአገልጋዩ?

ሁለተኛ፣ የሰይጣን መንግሥት ይጎዳል። ኃጢአት ይጠላል፤ የዓለም ምኞት ይቀዘቅዛል። ሰይጣን የገዛ ቤቱን አያፈርስም። አንድ አገልግሎት ገንዘብን፣ ዝናንና ዝሙትን ሳይነካ ለዓመታት የሚያጨበጭብልን ከሆነ ቆም ብለን እናስብ።

ሦስተኛ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ይከበራል፤ ሰዎች ወደ ቃሉ ይሮጣሉ። በሐዋርያት ሥራ 17፥11 የቤርያ ሰዎች ጳውሎስን ራሱን በቃሉ መረመሩት፤ ሉቃስም አመሰገናቸው። ጳውሎስን የመረመረ ሰው ከተመሰገነ፣ የእኛን ዘመን አገልጋይ የመረመረ ለምን ይረገማል?

አራተኛ፣ እውነት ይገለጣል። የእውነት መንፈስ ከብርሃን አይሸሽም፤ መጠየቅን አይፈራም።

አምስተኛ፣ ፍቅር ይወለዳል። ለእግዚአብሔርና ለሰው ያለ፣ ትሑት የሆነ ፍቅር። ኤድዋርድስ ይህንን ከሁሉ በላይ አድርጎ ያየው ነበር። ሰይጣን ኃይልን ሊያስመስል ይችላል፤ ክርስቶስ ያስተማረው ትሑት ፍቅር ግን ከባሕርዩ ጋር አይሄድለትም።

አሁን ይህን መመዘኛ ይዛችሁ ወደ ወደቡ ዳር ተመለሱ። እዚያ ግለት ነበር፣ መዝሙር ነበር፣ ድፍረት ነበር። ፍቅር ግን አልነበረም። ወንድሞቻቸውን በሲኦል እያሰቡ ይዘምሩ ነበር!

ሳቄ የጠፋበት ምክንያት

ቃል የገባሁላችሁን አሁን ልንገራችሁ። ይህን ለመናገር ቀላል አልሆነልኝም።

ከዓመታት በፊት በማገለግልበት ጉባኤ ኮንፈረንስ አዘጋጅተን እንግዳ አገልጋይ ጋበዝን። አዳራሹ ሞላ። በሁለተኛው ምሽት አገልጋዩ ከመካከላችን አንዲት እናት አስነሣ። የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። «ከዛሬ ጀምሮ መርፌውን ጣዪው፤ ጌታ ፈውሶሻል» አላቸው። ሕዝቡ በእልልታ ቀለጠ። እኔ መድረኩ ላይ፣ ማይክ በእጄ ይዤ ቆሜ ነበር። በልቤ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ጌታ ምስክሬ ነው፣ መጣብኝ። ነገር ግን ሕዝቡን ፈራሁ። «እምነት የለውም» እንዳልባል ፈራሁ። ማይኩን ወደ አፌ አስጠግቼ «አሜን!» አልኩ።

በአራተኛው ቀን ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ። ጌታ ማረን፤ ተረፉ። ልጠይቃቸው ስሄድ የአልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝና እጄን ይዘው እንዲህ አሉኝ፦ «ፓስተርዬ፣ እኔ ያንን ሰው አላውቀውም። አንተን ግን አሥራ አንድ ዓመት አውቅሃለሁ። መርፌውን የጣልኩት እሱ ስላለኝ አይደለም። አንተ አሜን ስላልክ ነው።»

ወገኖቼ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተምሬያለሁ። 1ኛ ዮሐንስ 4ን በፈተና ወረቀት ላይ ተንትኜ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። ያን ምሽት ግን የሚያስፈልገኝ እውቀት አልነበረም፤ የጎደለኝ ፍቅር ነበር። እኚያን እናት ከስሜ አስበልጬ ብወዳቸው ኖሮ ዝም አልልም ነበር። ሳንመረምር ስንቀር ዋጋውን የሚከፍለው ሰባኪው አይደለም፤ በጉ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ነው በዳቨንፖርት ሱሪ መሳቅ ያቆምኩት።

ጌታ ይፈውሳል? አዎን፣ ይፈውሳል! ይህን አልክድም፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን በ2ኛ ነገሥት 20 ኢሳይያስ ለሕዝቅያስ የፈውስን ቃል ካመጣ በኋላ ምን አለ? የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ። ትንቢቱ እውነት ነበር፤ መድኃኒቱም አልተጣለም። በሉቃስ 17 ጌታ ኢየሱስ ለምጻሞቹን ወዴት ላካቸው? ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ ላካቸው፤ ካህኑ በሕጉ መሠረት የሚመረምራቸው ሰው ነበር። ፈዋሹ ራሱ ፈውሱ እንዲመረመር ፈቀደ። እንግዲያው የተፈወሰ ሰው ወደ ሐኪሙ ሄዶ ይመርመር፤ ሐኪሙ ራሱ መድኃኒቱን ያቁመው። እውነተኛ ፈውስ ምርመራ አያጠፋውም።

ዳቨንፖርት እንዴት ተመለሰ?

የዳቨንፖርት ታሪክ በወደቡ ዳር አያልቅም። በዚያ ሰሞን በብርቱ ታምሞ ነበር። ከሚወዱት አገልጋዮች ሁለቱ፣ ሰለሞን ዊልያምስና የእህቱ ባል ኤሊያዘር ዊሎክ፣ በደብዳቤ እየመከሩ ረዱት። አላዋረዱትም፤ አልተዉትምም። እ.ኤ.አ. በ1744 ኑዛዜውን ጻፈና በቦስተን አሳተመው።

ምን ብሎ ተናዘዘ? በዘመኑ እውነተኛ የእግዚአብሔር ሥራ እንደነበረ አልካደም። እሱ ያጠፋውን ግን አንድ በአንድ ቆጠረ። አገልጋዮችን ዳግም አልተወለዱም እያለ በአደባባይ መክሰሱን፣ ምእመናንን ከቤተ ክርስቲያናቸው ማስለየቱን፣ የውስጥ ግፊትን መመሪያ አድርጎ መከተሉን ዘረዘረ። በተለይ አንድ ነገር አለ፦ ግፊቱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ጋር ይምጣም ያለ ጥቅስ ይምጣ፣ ሳይመረምር መከተሉ ስሕተት እንደነበረ አመነ። አያችሁ? ጥቅስ ተለጥፎበት የሚመጣ ሐሰትም አለ። ሰይጣን ጌታን በምድረ በዳ ሲፈትነው ጥቅስ ጠቅሷል። በመጨረሻም ስለ ኒው ለንደን እሳት ተናገረ፤ ሐሰተኛ መንፈስ እንደመራው በግልጽ አመነ።

በአደባባይ ያጠፋውን በአደባባይ መለሰ። ከዚያም ለዓመታት በትሕትና አገለገለ፤ እ.ኤ.አ. በ1757 እስኪሞት ድረስ። እኔም ይህን ካነበብኩ በኋላ በቀጣዩ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ እኚያን እናት ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ሕዝቡ ይንቀኛል ብዬ ነበር። ተነሥተው አቀፉኝ።

ኤድዋርድስም ቢሆን

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ እውነትን አጎድላለሁ። መናፍስትን ስለ መመርመር እንዲህ ያስተማረው ኤድዋርድስ፣ እ.ኤ.አ. በ1731 ኒው ፖርት ወደምትባል ከተማ ሄዶ 14 ዓመት ገደማ የሆናትን አንዲት ጥቁር ልጅ በባርነት ገዝቷል። የሽያጩ ወረቀት እስከ ዛሬ አለ። የሌላውን ስሜት በጥንቃቄ የመዘነ ሰው በገዛ ቤቱ የነበረውን ግፍ አላየውም። የዘመኑ ሰዎች «አሜን» ስላሉበት አሜን አለ።

ይህን የምናገረው ትምህርቱን ለመጣል አይደለም። መልካሙን እንይዛለን፤ ትእዛዙ እንደዚያ ነው። የምናገረው ራሳችንን እንድንፈራ ነው። ሌላውን የሚመረምር ሰው ራሱም መመርመር አለበት። ለዚህ ነው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ሲናገሩ ሌሎቹ እንዲለዩ ያዘዘው። ብቻውን መርማሪ፣ ብቻውን ነቢይ፣ ብቻውን ዳኛ የሆነ ሰው በአዲስ ኪዳን የለም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

የእኛ አባቶችና እናቶች በደርግ ዘመን አዳራሽ ሲዘጋባቸው በየቤቱ በሹክሹክታ ያመልኩ ነበር። ያን ጊዜ በር ሲንኳኳ «ማን ነው?» ሳይሉ አይከፍቱም። ዛሬ በሩ ተከፍቷል፤ ክብር ለጌታ ይሁን! ቴሌቪዥኑ፣ ስልኩ፣ ዩቲዩቡ በቀን ሃያ አራት ሰዓት ያንኳኳል። «ማን ነው?» ማለቱን ግን ረስተነዋል።

ስለዚህ አራት ነገር ልለምናችሁ። ትንቢት ሲነገራችሁ አትናቁ፤ አትቸኩሉም። ጻፉት፣ ጸልዩበት፣ በቃሉ መዝኑት። ሁለተኛ፣ ትዳር፣ መድኃኒት፣ ቤትና ንብረት የሚነካ ቃል ከሆነ ለሚያውቋችሁ፣ ከእናንተ ምንም ለማይፈልጉ ሁለት ሦስት የበሰሉ አማኞች ሳታማክሩ አንድ እርምጃ አትራመዱ። «ለማንም እንዳትነግር» የሚል ቃል ከመጣ ደግሞ ቶሎ ተናገሩ! ሦስተኛ፣ ምርመራን ወደ ሐሜት አትለውጡ። በየስልኩ አገልጋይ ሲሰድቡ መዋል መናፍስትን መለየት አይደለም፤ የዳቨንፖርትን ስሕተት በሌላ በኩል መድገም ነው። የተሳሳተ ካለ እንደ እነዚያ ሁለት ወዳጆች ቀርባችሁ ምከሩት። አራተኛ፣ እናንተ አገልጋዮች ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በመድረክ ላይ ጥያቄ በልባችሁ ሲመጣ አሜን ለማለት አትቸኩሉ። የሚያውቋችሁ በጎች የሚያዩት የእናንተን ፊት ነው።

ዕብራውያን 5፥14 እንደሚያስተምረን መልካሙንና ክፉውን የመለየት አቅም የሚመጣው በልምምድ ነው። በአንድ ሌሊት አይወርድም። በየቀኑ ቃሉን በማንበብ፣ በመታዘዝ፣ በመሳሳትም ጊዜ በመመለስ ያድጋል። የእናቱን ድምፅ የሚያውቅ ሕፃን እንግዳ ሲጠራው ዞር ብሎ ያያል እንጂ አይሮጥም። የእረኛውን ድምፅ ለማወቅ አብሮት መዋል ያስፈልጋል።

እኚያ እናት ዛሬም አሉ። እስካሁን መርፌያቸውን ይወጋሉ፤ እስካሁንም ስለ ፈውሳቸው ይጸልያሉ። እሑድ እሑድ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስሰብክ ያዩኛል። እኔም አሜን ከማለቴ በፊት እርሳቸውን አያለሁ።

እንጸልይ። ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እሳትህን አትከልክለን፤ እንግዳ እሳትም ከመካከላችን አርቅ። ድምፅህን ከሌላው ድምፅ የምንለይበትን ጆሮ ስጠን። ዝም ስላልንበት ጊዜ ይቅር በለን። በዝምታችን የተጎዱትን አንተ ፈውስ፤ እኛም ቀርበን ይቅርታ የምንጠይቅበትን ትሕትና ስጠን። ዛሬ ይህንን የሚያነቡትን ሁሉ በእውነትህና በፍቅርህ ጠብቃቸው። በስምህ፣ አሜን።

ተባረኩ።